ከላይ የተሰፋው የቦርሳ ካፖርት

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ በተለይም በዚህ ዝናብ ከብርድና ከጉንፋን እንድትጠበቁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ጃንጥላ የምጠግነው ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት የእርስዎን ጃንጥላ ሁለት ሽቦ የቀየርኩት እኔ ስሆን፣ እስካሁን እንደሚያገለግልዎ በየጠዋቱ ሳይ ደስ ይለኛል። ደብዳቤውን በሱቄ በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስላለችኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሥራ ፈጠራ ትምህርት በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ብለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርገው በቡድን ስላደራጁልን ምስጋና ይገባዎታል። ችግር ፈልጉ፣ መፍትሔውን በእጃችሁ ሥሩ ተባሉ። የልጄ ቡድን ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ተማሪው ራሱን በጃንጥላ ሸፍኖ ቦርሳውን ለዝናብ እንደሚሰጥ አስተዋለ። ከሱቄ ጥግ የተከመረውን የተሰባበረ ጃንጥላ ጨርቅ ገፍፈው ለቦርሳ ልብስ ሰፉለት፤ ስሙንም የቦርሳ ካፖርት አሉት። መሪያቸው ልጄ ነበረች፤ ጨርቅ ቆራጯ ደግሞ የትምህርት ቤትዎ ጥበቃ ልጅ፣ መቀስ እያልን የምንጠራት የልብ ጓደኛዋ ነች። የመጀመሪያው ናሙና ግማሹ እኛ ቤት፣ ግማሹ እነመቀስ ቤት ተሰፍቶ አናቱ ላይ በጥድፊያ የተጋጠመ ነበር። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነውም ሌላ ጨርቅ ስላልተገኘ ነው።

እንግዲህ ለእርስዎ ቅሬታ ማቅረብ ነውር ስለሚሆንብኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በወላጆች ቀን ናሙናውን ለዐውደ ርእይ ብለው ከልጄ እጅ ተቀብለው፣ በቢሮዎ የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ በክብር ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ወላጅ ሁሉ እየሰማ "ይህ ሐሳብ የእናንተ ነው፤ ማንም አይነካባችሁም" ብለዋቸው ነበር። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ።

2ኛ. ልጆቹ የተሻለውን ሠርተው ለክፍል ጓደኞቻቸው ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ተማሪ በግቢ ውስጥ መነገድ እንደማይፈቀድለት በማስታወቂያ ስላሳወቁን ምስጋናዬ ይድረስዎ። የዚያ ሙጫ ሳይደርቅም፣ ትምህርት ቤቱ ያሠራውን የቦርሳ ሽፋን ያልያዘ ተማሪ በር እንደማያልፍ የሚገልጽ ሁለተኛ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግዎ አንባቢን ከድካም አድኖታል።

3ኛ. አዲሱ ሽፋን ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ከፋብሪካ በመጣ ጊዜ፣ ጥቁሩ ትጋትን፣ ሰማያዊው ደግሞ እውቀትን እንደሚወክል በጠዋት ሰልፍ ላይ ማብራሪያ ሰጥተዋል። እኔ መሃይሙ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥቁሩ ጎረቤቴን የአውቶቡስ በር የሰበረባት፣ ሰማያዊውም ፀጉር አስተካካዩን ነፋስ የገለበጠበት ጃንጥላ ይመስለኝ ነበር። ትጋት በአውቶቡስ በር ተቀርጥፎ ሱቄ ጥግ ሲወድቅ ሳላውቀው መቅረቴ ያሳፍረኛል።

4ኛ. ልጄ ደፍራ ቢሮዎ ገብታ ስትጠይቅዎ፣ በትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የታሰበ ሐሳብ የትምህርት ቤቱ ንብረት መሆኑን በትዕግሥት አስረድተዋታል። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ያመጣችውን የወገብ ሕመምስ ትምህርት ቤቱ መቼ ይረከበናል?

5ኛ. ይህን እንኳ ምስጋና ብዬ ልጽፈው አልቻልኩም። ናሙናውን ያስረከበች ልጄ ስለሆነች፣ አራቱ ጓደኞቿ ከእርስዎ ጋር ተስማምታ የሸጠቻቸው መስሏቸዋል። መቀስ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሱቄ ገብታ ጨርቅ የምታገላብጥ ልጅ ነበረች፤ አሁን እኛን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። ልጄም የስፌት መኪናውን ከተጠጋች ወር አለፋት። ሰሞኑን እራት ላይ እንዲህ አለችኝ፦ "አባዬ፣ ያስተማሩንን ነገር እነሱ አያምኑበትም እንዴ?" ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል በሰው ላይ ሲደርስ እሰማ ነበር እንጂ፣ አጨብጭቤ ያስረከብኳት የራሴ ልጅ ወድቃ አገኛታለሁ ብዬ አላሰብኩም። ተከድተናል፤ ይህን በቀልድ ልሸፍነው ሞክሬ አቃተኝ።

የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም፤ የፋብሪካው ሽፋን ይመለስም አልልም። ለቀለሙ ትርጉም በሰጡበት በዚያው ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ካፖርቱን የፈጠሩት አምስቱ ልጆች መሆናቸውን፣ ልጄም ለዐውደ ርእይ ብቻ እንዳስረከበችዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገሩልን። ልጄ ጓደኛዋን የምታገኘው በዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለጥቁርና ለሰማያዊ ያን ያህል ቃል ላልነፈገ አንደበት ይህ እንደማይከብድ አምናለሁ።

ለእውቀት ብርሃንዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቁምሳጥንዎ ጽኑ ቁልፍን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ፤

ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ጃንጥላ ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ዕለት በጣለው ዝናብ ታናሿ ልጅዎ ደብተሮቿ መሐል መሐላቸውን ርሰው እያለቀሰች ሱቄ መጥታ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ መርፌ የወጋው ጨርቅ ውሃ ስለሚያሳልፍ ስፌቱ ከታች መዋል አለበት። ፋብሪካው ግን ቁምሳጥንዎ ውስጥ ያለውን ናሙና አይቶ፣ የስምንት መቶውንም ተማሪ ሽፋን አናቱ ላይ ሰፍቶታል። ልጆቹ ይህን ስህተት በሳምንቱ አርመውት ነበር። ልጄ የልጅዎን ሽፋን ፈትታ፣ ከታች በእጇ ሰፍታ፣ ደብተሮቿን አድርቃ ሸኝታታለች። ቀሪውን ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኝ በተመለከተ፣ አምስቱን ልጆች ጠይቀዋቸው ቢሆን ኖሮ ይነግሩዎት ነበር።