በአንድ ሳምንት ያነሰው ድመት

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ከእኛ ይደብቁታል? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ከሰሞኑ ድንጋጤ ገና አልተመለስኩም።

የነገርኩዎት ቤንጋል ከሚባለው ዝርያ የሆነው ባለ ነጠብጣብ ድመታችን ስድስት ወር ሞልቶታል። ገላው ተመዝዟል፤ የኋላ እግሮቹም ከፊተኞቹ ረዝመዋል። «እንስሳ በዓይን አይመዘንም» የሚለውን ቃልዎን ስለማልዘነጋ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሚዛኑን ሳይ ክው አልኩ፤ ወደ አራት ኪሎ ግራም ተጠግቶ የነበረው ከሦስት በታች ወርዷል! ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ በስኳር ፓኬት ፈተሽኩት፤ ደህና ነው። ባለቤቴ «ሹራብ ነው እንዴ ታጥቦ የሚያጥረው?» ብላ ሳቀችብኝ። የልጅ ልጅዎ ግን «ሊሞትብኝ ነው» ብላ እህል አልቀምስ አለች።

እንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ይዤው ሮጥኩ። እሷም አገላብጣ አየችና ወንድ ነው ማለቴን ደግማ ጠየቀችኝ፤ ከዚያም «ወንድሜ፣ ይቺ ሴት ናት፤ ደግሞ ምንም አላመማት» አለችኝ። በዚህ ዝርያ ወንዱ ከሴቷ እንደሚገዝፍ፣ ሁለቱም ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ ማደጋቸውን እንደማያቆሙ አስረዳችኝ። ታዲያ የእኛው የት ገባ?

ጎረቤታችን ጡረተኛው ልብስ ሰፊ የድመታችንን እኅት እንደሚያሳድጉ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የሁለቱ ድመቶች ነጠብጣብ በአንድ ማኅተም የታተመ ይመስላል። ድመቷን እንደታቀፍኩ በራቸውን ሳንኳኳ «ና፣ ና፣ ጉድ እይ!» ብለው አስገቡኝ። የእኛው ጎረምሳ ሶፋቸው ላይ ተጋድሟል። ሜትራቸውን ወገቡ ላይ ጠምጥመው «ከመቼው እንዲህ ሰፋች! ምስጢሩ ሰርዲን ነው፤ አንተ ያንተን ምን እያበላኸው ነው የከሳብህ?» አሉኝ። ለካ ድመቶቹ የበረንዳውን አጥር ዘለው ቤት ተለዋውጠዋል። እውነቱን ስነግራቸው ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ።

የልጅ ልጅዎ ድመቱን ስታገኝ እያለቀሰች ሳቀች፤ ራቷንም ደግማ በላች። አባቴ፣ ሚዛኑ አልዋሸም፤ ማንን እንደምመዝን ያላጣራሁት እኔ ነኝ። አሁን ከመመዘኔ በፊት ጭራውን አንስቼ እንዳይ ልጄ ታዘኛለች፤ እኔም እታዘዛለሁ።

እማዬን ዓይኗን እንድትጠብቅ አደራ ይበሉልኝ። ታላቅ እኅቴን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ያን ቀውላላ ታናሽ ወንድሜንም መቃኑ ላይ አቁመው ቁመቱን ለክተው ይላኩልኝ፤ ብቻ አስቀድመው እሱ ራሱ መሆኑን ያረጋግጡ።

አክባሪ ልጅዎ
ከኪራይ ቤታችን፣ ኅዳር ፲፪ ቀን