ለሞተሬ የሚስማማ ስለት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከእራት በኋላ።

ጌሾውን አወረድሁ። ሰንሰለቱን ዘይት አጠጣሁ። እጄን ሁለቴ ታጠብሁ፤ አሁንም ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ደብተሬ፣ አንተም ልትሸት ነው፤ ቻለው። ዛሬ ተናድጃለሁ። ካራዬን ወሰዱብኝ።

ከዘጌ ስመለስ ኬላው ላይ አስቆሙኝ። ፈታሹ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ ነው። ጌሾውን ወጋ ወጋ፣ ኪሴን ዳበስ ዳበስ፤ ከዚያ ካራዋን ከወገቤ መዘዘ። ለምን እንደያዝኋት ጠየቀኝ። ገመድ ልቆርጥባት አልሁት። ሞተር ላይ ምን ገመድ አለ ይለኛል፤ ከኋላዬ በከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ የተጠፈረውን የጌሾ ክምር እያየ! "ለፋሲካ መጥተህ ውሰዳት" አለና ሣቀ። ጓደኞቹም ሣቁ። በባ/ዳር በቀልድ የሚረታኝ የለም፤ ዛሬ ግን መልሱ የመጣልኝ ቤት ደርሼ ሞተሩን ካቆምሁ በኋላ ነው። ግሩም መልስ ነበር። አልጽፈውም፤ ያሳስረኛል።

ካራዋን ለፉከራ አልያዝኋትም። በክረምቱ አንዲት ሴት ከሌላ ሞተረኛ ኋላ ተቀምጣ ስትሄድ የነጠላዋ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ገባ። ነጠላው አንገቷን ይዞ ወደ ጎማው ይጎትታት ጀመር። ደርሰን ከበብን፤ ስለት የያዘ ሰው አንድም የለም። በጥርሳችን ቀደድነው። ነጠላ ነው፣ ስስ ነው። ጋቢ ቢሆንስ?

ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርሳቸው ሰው ደግሞ ጋቢ ለባሽ ናቸው። የሚስቴ የትርንጎ አጎት፣ መሪጌታ። (ከዚህ በኋላ መ/ጌታ እላቸዋለሁ፤ ቀለም ተወዷል።) በዘጌ መንገድ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሲያዜሙ ሐይቁ ላይ ያለ ታንኳ ቀዘፋውን ያቆማል። ያንን ድምፅ ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሞተረኛ አያምኑም። እስከ ቅዳሜ ስለት ማግኘት አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። ማታ።

ሰንጢ ገዛሁ። ተራ ሰንጢ እንዳይመስልህ። ቢላ፣ መጋዝ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ማንኪያ ሳይቀር ከአንድ እጀታ ይወጣል። ጎኑ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ አለው። ፈረንጅኛ ገና አልጀመርንም፤ ዝም ብዬ ግን ሦስት ፊደል ለየሁ። የማታ ት/ቤት ከገባሁ ወዲህ ያላነበብሁት ታፔላ በከተማው የለም። ትርንጎ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ሰንጢውን አየችና ወጥ ይቀዳ እንደሆን ጠየቀችኝ። ቅናት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ቀን፣ መንገድ ዳር።

ሌባ ነው። ሻጩን ነው የምልህ።

የጌሾው ማሰሪያ ረጥቦ ቋጠሮው አልፈታም አለ። በአንድ እጄ ሞተሩን ደግፌያለሁ። ሰንጢው ሁለት እጅና ረጅም ጥፍር ይፈልጋል። በጥርሴ ከፈትሁት፤ ማንኪያው ወጣ። ደግሜ ሞከርሁ፤ መክፈቻው። ቢላው በስተመጨረሻ ሲወጣ ላስቲኩ ላይ አሳረፍሁት፤ ተመልሶ ጣቴ ላይ ታጠፈ። ላስቲኩ ደኅና ነው። ጣቴን በመሐረብ አስሬ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ የማታ ት/ቤት መ/ሬ ትፍረድ።

ሻጩ ጋ ተመለስሁ። "ለብርቱካን እኮ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7።

ካተር። ካርቶን የሚቆርጡበት፣ ምላጩ እየተገፋ የሚወጣው። ላስቲኩን እንደ ጎመን ቀነጠሰው። አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ኮረኮንቹ ፒስታ መንገድ ላይ ስንገጫገጭ ምላጩ ራሱን ገፍቶ ወጥቶ የሱሪዬን ኪስ እስከ ታች ቀደደው። ጥቂት ከፍ ቢል ትርንጎ ሐዘን ትቀመጥ ነበር። ሱሪውን ስትሰፋልኝ የልብስ መቀሷን አየሁ። ከባድ፣ ጥቁር እጀታ፣ አንዱ ከንፈሩ ደነዝ፣ ጨርቁን ሳይወጋ ከሥሩ ተንሸራቶ የሚገባ። አዋሺኝ አልኋት። በዚህ መቀስ ወረቀት እንኳ ተቆርጦ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንተን ልለብድበት ብዬ ላስቲክ ቆርጬበት የሆነውን ታውቃለህ።

"እጄን ቆርጠህ ውሰድ፤ መቀሴን አትንካ" አለች።

ለአጎትሽ ነው ብላት ደግሞ መ/ጌታ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ይታጠቁት አለችኝ። አየህ ምክር? ጋቢን ወገብ ላይ መታጠቅ ማደግደግ ነው። አሽከር ለጌታው ያደገድጋል። እሳቸው የሚያደገድጉት መቅደስ ፊት ብቻ ነው። እኔ፣ ትናንት ሀሁ የቆጠርሁ ሰው፣ ለሞተሬ አደግድጉ ልበላቸው? ጋቢያቸው ደግሞ ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት የፈተሉት ነው። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከሰዓት በፊት።

ትርንጎ ገበያ ናት። መቀሱን ወሰድሁ። ማታ እመልሰዋለሁ። ኬላው ላይ እንዳያዩት በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር ከተትሁት፣ ቆለፍሁት። የት ይመጣል እንዲህ ያለ ጭንቅላት!

እሑድ፣ ጥቅምት 10።

እንደሆነው ልጻፈው።

ኬላውን አለፍን። ፈታሹ ምንም አላገኘም፤ በልቤ ሣቅሁበት። መ/ጌታ ከኋላዬ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያንጎራጉራሉ። የሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ዜማው መሐል ላይ ተቆረጠ። ሞተሩ ተንገራገጨ፣ ቆመ። ዞር ስል ወደ ኋላ ተለምጠዋል፤ ጋቢው ከሰንሰለቱ እስከ አንገታቸው እንደ ገመድ ተወጥሯል። ዓይናቸው እኔን ያያል። ድምፅ የለም።

መቀሱ የት አለ? ከወንበሩ ሥር። ወንበሩ ላይ ማን አለ? እሳቸው።

ደብተሬ፣ ስለት አልጠፋኝም። በላዩ ላይ አስቀምጫቸው ነበር።

ሞተሩን ማርሽ አውጥቼ ወደ ኋላ ገፋሁ። ጎማው ሲመለስ ጋቢው ትንሽ ላላ፤ ጣቴን አንገታቸው ሥር ሰደድሁ፤ አየር ሳቡ። በደረቴ ደግፌ ከወንበሩ አንሸራተትኋቸው፣ ቁልፉን ከመሪው ነቀልሁ፣ ወንበሩን ከፈትሁ። የመቀሱን ደነዝ ከንፈር በጋቢውና በጉሮሯቸው መካከል አሾለክሁት። ካራዬ ብትኖር ጋቢውን ከጉሮሯቸው ጋር ነበር የምትወስደው። ያቺን ካራ ስንት ቀን አለቀስሁላት!

ቆረጥሁት።

ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንገታቸው ዙሪያውን ቀልቷል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግራችን ሄድን፤ ሞተሩን እየገፋሁ። ማኅሌቱን ተማሪያቸው መራ። እሳቸው መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያያቸዋል፤ ከዚያ እኔን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12።

ፈታሹን ረግሜ፣ ሰንጢ ሻጩን ረግሜ፣ ካተሩን ሐይቅ ውስጥ ወርውሬ ቁጣዬ አልወጣ አለ። የቀረ ማን አለ? እኔ። ራስን መስደብ ደግሞ አይመችም፤ ስድቡ ሁሉ ይመለሳል።

ትናንት ትርንጎ መቀሱን አየችው። ግራሶና የጋቢ ክር ተጣብቆበታል። ነገርኋት። ሌሊቱን የስፌት መኪናዋ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሌላ አሮጌ መቀሷ ተቀምጣለች፤ ተስላለች፣ ሁለቱም ጫፎቿ በሞረድ ደንዝዘዋል። አጠገቧ ከድንኳን ሸራ የተሰፋ ሰገባ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ማንገቻ። በአንድ እጅ ትመዘዛለች። ሃያ ጊዜ መዘዝኋት። ትርንጎ ሳታየኝ ነበር፤ አየችኝ።

መ/ጌታን ልጠይቅ ሄድሁ። ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ነው፤ ይመለሳል ተብሏል። የጋቢውን ቁራጭ አጥፈው ከትራሳቸው ሥር አድርገውታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት፣ ከመ/ጌታ ደጃፍ።

ጠዋት ኬላው ላይ ያው ፈታሽ መቀሷን ደረቴ ላይ አየ። ልብስ ሰፊ ሆንህ ወይ አለኝ። አዎን፣ የአንተን ጢም ከበቀለ ልከረክም መጥቼ ነበር አልሁት። ጓደኞቹ ሣቁ። እሱም ሣቀና አሳለፈኝ። በዚህ ሳምንት የቀናኝ ነገር ይህች ናት።

አሁን ደጃፉ ላይ ነኝ። መ/ጌታ ወጡ፤ አዲስ ጋቢ፣ እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። ድምፃቸው በግማሽ ተመልሷል። ሞተሩ ላይ ሊወጡ እግራቸውን አነሡ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቁልፉንም ነቀልሁ።

"አባቴ፣ ካላደገደጉ አይነሳም" አልኋቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። እንዲህ ሲያዩ ዲያቆናት ይደበቃሉ።

"የማደገድገው ለማን ነው? ላንተ ነው ለሞተሩ?"

"ለድምፅዎ።"

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆመዋል። እኔ እሳቸውን ላለማየት አንተ ላይ ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ። ብቻ ይህ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ከዛሬ ወዲያ ነጠላም ሆነ ጋቢ ወገቡ ላይ ሳይታጠቅ ከኋላዬ የሚሳፈር የለም። ጳጳስ ቢሆን፣ ፈታሹም ቢሆን።

ጋቢው ተንኮሻኮሸ። እየታጠቁ ነው መሰል። ኋላ በኩል ቋጠሮው አልደረሰላቸውም፣ ልሂድና