ከአንቺ የደበቅሁት የኮኖሃ ውጤት

ውድ ቺዙሩ፣

የልጅሽን የኢቡኪን ዓይን ቢጫ ሆኖ ካየሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ አልደፈርኩም፤ ድሮም አፌ እንጂ ልቤ ደፋር አይደለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ ሐኪሙ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠን። ልጆቻችን በጨቅላነታቸው ከአባቶቻቸው ጉበት ተቆርጦ ከተተከለላቸው ስምንት ዓመት ሞልቶ ነበር። አሁን በመርፌ ከጉበታቸው ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታይ ተባለ። ከሆስፒታሉ ማዶ ያለችው ኑድል ቤት ገብተን ወረቀቱን ሳህን ሥር የወሸቅሁት እኔ ነኝ።

«የኢቡኪ እናት፣ ስሚኝማ! ደማቸው ንጹሕ ነው አይደል? ደህና ልጅ ምን አድርግ ብለው ነው የሚወጉት?»

«ሐኪሙ ግን ደም ሁሉንም አይናገርም አለ እኮ።»

«እሱ ምን ያድርግ፣ መርፌ ካየ እጁ አያርፍም!»

ሳቅሽ። ኢቡኪ ነጭ ካፖርት ባየ ቁጥር ያስመልሰው ስለነበር አንቺም የምትፈልጊው ይህንኑ መስማት ነበር። እምቢ እንበል ብለን ተማምለን ወጣን።

እኔ መሐላዬን የጠበቅሁት ሦስት ሳምንት ነው። ባለቤቴ «የእኔ ጉበት አይደል እንዴ? ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ!» ብሎ ጮኸብኝ። ልጃችንን ኮኖሃን ወሰድናት። ከመርፌው በኋላ እንዳትደማ የአሸዋ ከረጢት ከጎኗ ሥር ተደርጎላት ስድስት ሰዓት ሳትነቃነቅ ተኛች። አንቺን ግን አያቷ ጋ ሄደናል አልኩሽ። ፈሪ እንዳትዪኝ ብዬ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ውጤቱ ሲመጣ ጉበቷ ጠባሳ መያዝ ጀምሯል ተባለ። ደሟ በዚያው ጠዋት እንኳ ንጹሕ ነበር። መድኃኒቱን ጨመሩላት፣ ጠባሳው እዚያው ቆመ።

ወዲያው ደወልኩልሽ። ገና ሃሎ ሳልል «ኢቡኪ በዋና ሁለተኛ ወጣ!» ብለሽ ጮኽሽ። ልጁ ከኋላሽ «አንደኛው እኮ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ይቆጠራል?» ይላል። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ዘጋሁት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር፤ በቆየ ቁጥር እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ ብለሽ የምትጠይቂኝን ፈራሁ።

አሁን የኢቡኪ ጉበት በጠባሳ ደርቋል፤ ሌላ ጉበት ያስፈልገዋል። አባቱ ዳግመኛ መስጠት አይችልም፣ ያንቺም አልሆነም። ረቡዕ ለብቻዬ ሆስፒታል ሄጄ የእኔን ውሰዱ አልኳቸው።

«ለልጁ ምኑ ነዎት?» አለችኝ ነርሷ።

«የእናቱ ጓደኛ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የምንቀበለው ከዘመድ ብቻ ነው» ብላ እጅ ነሳችኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ አፌ የለመደው ቃል ነው፣ ለኢቡኪም ምንም አይጠቅመው። ደብዳቤውን ለባልሽም አንብቢለት። በሬን መጥታችሁ ብትሰብሩት ከውስጥ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ማክሰኞ ኮኖሃን ይዤ ልጠይቃችሁ ስመጣ ኢቡኪ «የጉበትሽን ግማሽ አውሺኝ፣ ስጨርስ እመልስልሻለሁ» ሲላት ሁላችንም ሳቅን። ስትሸኚኝ እጄን ያዝሽና «እናንተ ግን ዕድለኞች ናችሁ» አልሽኝ።

እኔም ዓይንሽን እያየሁ፣ «አዎ፣ ዕድለኞች ነን» አልኩሽ።

ፉሚኤ