ከእመቤታችን እግር ሥር የነበረችው ሴት

ውድ አንዱዓለም፣

ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ «ውድ» የሚለውን ቃል ዛሬ ባልጻፍኩት ደስ ይለኝ ነበር። እሑድ የላክሃቸውን ሽማግሌዎች አባቴ «ልጅቷ አልፈቀደችም» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምነው ልጄ? የተማረ ነው፣ ሸጋ ልጅ ነው፤ ምን አደረገሽ?» አለኝ። «ያቅለሸልሸኛል አባባ» አልኩት። «ተጣልተናል» ብለው ኖሮ ሊያስታርቀን ይነሣ ነበር። ይህን ሲሰማ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ገባ። ለእሱ ያልዘረዘርኩትን ለአንተ ልጻፍልህ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ስንተዋወቅ አንተ ኮምፒውተርን ማየት የምታስተምር ተመራማሪ ነበርክ። እኔ ደግሞ አሮጌ ሥዕል የምጠግን፣ ቀኔን ከተላጠ ቀለም ጋር የምውል። «ያንቺ ዓይንና የኔ ማሽን ቢጋቡ ምን ይወልዱ ይሆን?» እያልክ ታስቀኝ ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር ካሜራህንና መብራቶችህን ጭነን ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ወዳለችው ትንሽ የማርያም ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይለምናል። የዚያን ሰው ፊትና ከሥሩ የነበረውን ጽሑፍ ጢስና የዝናብ ፍሳሽ በልተውታል። ያገሩ ሰው «የንጉሥ ባለሟል ነው» ይል ነበር።

ብርሃኑን በየቀለሙ እየለዋወጥክ ፎቶ ያነሣህበትን ቀን እንዴት እረሳዋለሁ! ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሲያዋህዳቸው ከጥላሸቱ ሥር መጀመሪያ ሹሩባ፣ ቀጥሎ አምባር ያጠለቀ እጅ፣ በመጨረሻ ፊት ብቅ አለ። ሴት ነበረች። የደብሩ መሪጌታ ምንዳዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ፊደሉን እየለቀሙ አነበቡ፦ «ተማኅፀነት... በኪ... ወለተሩፋኤል። ወለተሩፋኤል በአንቺ ተማጠነች ማለት ነው።» ግቢውን የሚጠርጉት እማማ ታየች ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «ሴት ናት? እንደኛ ሴት?» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። አንተ ፊትህን አዙረህ አለቀስክ። ላገባህ የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ከዚያ የጎደለውን የሚሞላ ፕሮግራም ሠራህ። ማሽኑ ሌሎች የጎንደር ሥዕሎችን አይቶ የተላጠው ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ይገምታል። «በስክሪን ላይ ለጥናት ይሁን፤ ግድግዳው ግን እንዳይነካ» አልኩህ። «በማርያም!» ብለህ ማልክልኝ።

ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አዘዞ ላይ ሆቴል የሠሩት ነጋዴ፣ አቶ ካሣዬ፣ ወደ አንተ መጡ። ለአንተ አዳዲስ ኮምፒውተሮች፣ ለደብሩ የጣሪያ ቆርቆሮ ቃል ገቡ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በስልክ ስንነጋገር ትንፍሽ አላልክም።

ለአስተርእዮ ማርያም መጥቼ መጋረጃው ሲገለጥ፣ አሮጌው ሥዕል ላይ ማሽንህ የሞላው ምስል የታተመበት ትልቅ የፕላስቲክ ባነር በሚስማር ተቸንክሯል። የእመቤታችን ፊት እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ያብለጨልጫል። ከእግሯ ሥር የተደፉት አቶ ካሣዬ ነበሩ፤ ከነወፍራም አንገታቸው፣ ከነወርቅ ቀለበታቸው። ጽሑፉም «ተማኅፀነ በኪ ካሣዬ» ይላል። ሰውየው ራሳቸው ከምስላቸው ፊት ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።

ሮጬ ወጥቼ ከጽዱ ዛፍ ሥር አስመለሰኝ። ውሃ ይዘህ ተከተልከኝ።

«ምን በልተሽ ነው?»

«ወለተሩፋኤልስ?» አልኩህ።

«ፊቷ እኮ ጠፍቷል። ማሽኑ ባዶ ቦታ ነው የሞላው።»

«ባዶ አልነበረም። ስሟን አብረን ሰምተናል።»

«ሶሊ፣ አጥንቷ እንኳ የለም! እሳቸው በሕይወት አሉ፤ ነገ ይረዱናል። ደግሞ የምርምር ጽሑፉን ለመጽሔት ልኬዋለሁ፤ ስምሽን ከስሜ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ።»

«ጽሑፉ ምን ይላል? ሴት ነው ወንድ?»

መሬት መሬቱን አየህ። «ወንድ። መረጃው አሻሚ ነበር።»

ይህንንም ምናልባት እችለው ነበር። ግን እማማ ታየች እየተጣደፉ መጡ፤ «ልጆቼ፣ ሴትዮዋ የት ሄደች?» አሉ። አንተም ያን ለስላሳ ድምፅህን አውጥተህ፣ «እማማ፣ ማሽኑ እንደገና አጣርቶ ሲያይ ወንድ ሆኖ ተገኘ» አልካቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «እንግዲያ እኛ መሃይሞቹ ተሳስተናል፤ ይቅር ይበለን» አሉ። በገዛ ዓይናቸው ያዩትን፣ እልል ያሉበትን፣ አንተን አምነው ካዱት። አንተ ደግሞ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግህ። ያ እጅህ ነው የሚያጸይፈኝ። ያ እጅ ስንት ጊዜ የኔን እጅ እንደያዘ ሳስብ በሳሙና ታጥቤ አልጠራ ይለኛል።

«ዋሽቶዎት ነው እማማ» አልኳቸው። «ሴት ናት። ስሟም ወለተሩፋኤል ነው።» አንተ «ሶሊያና!» ብለህ ጮኽክ። እሳቸው ግን አንዴ አንተን፣ አንዴ እኔን አይተው ሄዱ።

በማግሥቱ የሰንበቴ ሴቶችን ሰብስበው መሪጌታ ምንዳዬ ደጅ ቆሙ። «ሴትዮዋን መልሱልን» ነው ያሉት፤ ሌላ አልጨመሩም። መሪጌታም አፍረው ባነሩ እንዲወርድ አዘዙ። ሚስማሩ ሲነቀል ሥዕሉ ያረፈበት አሮጌ ጨርቅ አብሮ ተቀደደ፤ ቀለሙም እንደ ቅርፊት ረገፈ። አሁን ግድግዳው ላይ የቀረው «ወለተ» የሚለው ብቻ ነው። የማን ልጅ፣ የማን ወለት እንደሆነች ከእንግዲህ ፎቶው እንጂ ግድግዳው አይናገርም። ያን ያህል ዘመን ጢሱም ዝናቡም ጨርሰው ያላጠፉትን ስም አንተ በመዶሻ ጨረስከው።

ለመጽሔቱ አዘጋጆች ጽፌ ስሜን አስወጥቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹንም ፎቶዎች ልኬላቸዋለሁ። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ባነሩን አቶ ካሣዬ ወስደው ሆቴላቸው አዳራሽ ውስጥ ሰቅለውታል አሉ፤ አንተም ከሥሩ ተቀምጠህ በግብዣቸው ቁርጥ ስትበላ ታይተሃል። በጄ! እንዲያው ሥጋው እንዴት ወረደልህ?

እኔ አሁን እዚያው ደብር ነኝ፤ የረገፈውን ቀለም እየለቀምኩ እለጥፋለሁ። አብዛኛው አመድ ሆኗል። እማማ ታየች አጠገቤ ይቀመጣሉ። ትናንት «ያ ልጅ ተመልሶ ይመጣል?» አሉኝ።

«አይመጣም» አልኳቸው።

«ይሻላል» አሉ።

ጤና ይስጥህ። ስሜን ግን ዳግመኛ ከስምህ አጠገብ እንዳላየው።

ሶሊያና