ሰባ አምስት ዲግሪ ላይ የሞተው ኢንዛይም

ውድ ባልቻ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው። ስልክ አታነሳም፤ ስለዚህ አንብብ።

ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ከየቢሮው የሚጣለው ወረቀት ውሃ ውስጥ ሲበጣጠስ ኢንዛይሙ ቀለሙን ከቃጫው እንደሚያላቅቅ፣ የተላቀቀውም በአረፋ ተንሳፍፎ እንደሚወጣ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ከሃምሳ ዲግሪ በላይ እንዳታሞቀው ብዬሃለሁ። ሱፐርቫይዘር ከሆንክ ወዲህ ግን የሚነገርህ አይገባህም። ያን ማክሰኞ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብለህ ሰባ አምስት አደረስከው።

«ባልቻ፣ ኢንዛይሙ ይሞታል!» ስልህ፣

«አንቺ ደግሞ! ሸሚዝ የሚጸዳው በሙቅ ውሃ አይደል እንዴ?» ብለህ ሳቅክ።

ወረቀቱ ቀለሙ ሳይላቀቅ ቁንጫ የፈሰሰበት መስሎ ወጣ። ደንበኛው መለሰው። አንተም ለማኔጀሩ «ሆሣዕና ኢንዛይሙን መጨመር ረስታ ነው» አልክ። ከተቀጠረች ስድስት ወር ያልሞላትን ልጅ! ሰስፔንድ አድርገው ከሥራ አገዷት። ሐሙስ ጉዳይዋ ይታያል፤ ከተባረረች እናቷን ከአገር ቤት ለማምጣት ያስገባችው ማመልከቻም አብሮ ይወድቃል።

እሑድ ቸርች የምስክርነት ሰዓት ላይ ተነስተህ «ጌታ በሥራ ቦታዬ ከውርደት አወጣኝ» አልክ። ጉባኤው እልል አለልህ። ሆሣዕና መዘምራኑ መካከል ቆማ ትሰማህ ነበር።

ይህም አልበቃህ ብሎ ጋሽ ዘርይሁንን ለሽምግልና ቶርንክሊፍ ሰፈር ሆሣዕና ቤት ላክህ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ልጄ፣ የወገን ገመና ፈረንጅ ፊት አይወጣም። ይቅር በይው» አሏት።

«እሱ መቼ አጠፋሁ አለ፣ ጋሼ?»

አዛውንቱ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ያልጠየቅከውን ይቅርታ በሽማግሌ እግር የምታስለቅም ሰው ነህ።

ንቀቴ ግን አንተ ላይ ብቻ አያቆምም። «ሃምሳ ብለሽ ሙይው፣ እህቴ አይደለሽ?» ስትለኝ፣ የሙቀት መዝገቡ ላይ ሃምሳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙቀቱ ልክ ነበር እያሉ ልጅቷን የሚከሷት በዚያ ወረቀት ነው።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ ለማኔጀሩ ሰጠሁ። እሷ ትመለሳለች። እኔን ያባርሩኝ ይሆናል፤ ይገባኛል። ከዚያ ለሆሣዕና ደውዬ ነገርኳት።

«አንቺም?» አለችኝና ዘጋችው።

ከአንተ ጋር አንድ ላይ ተቆጠርኩ። ከሐሙስ በኋላ መንገድ ላይ ብታየኝ ሰላም አትበለኝ።

በሐሰት የፈረመችው፣
ፍቅርአዲስ