አንድ ወይስ ሰባት

ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለከባድ መኪኖቻችን ከውጭ አገር በቴሌክስ ያዘዝነው የፍሬን ሸራ ዛሬ ደረሰ። ሳጥኑ ሲከፈት የሌላ መኪና ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ቴሌክሱን የመታሁት እኔ ነኝ። የዕቃውን ቁጥር ማዘዣው ላይ በእጃቸው የጻፉት የመጋዘን ኃላፊያችን ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ የእሳቸው አንድና ሰባት አይለይም። እኔ ሰባት ብዬ ነው የመታሁት።

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ "ይሄ አሻጥር ነው! ማነው የተሳሳተው?" ብሎ ጮኸ። ወደ ጋሽ ወርቁ ዞር ብዬ አየሁ። ጡረታቸው ደርሷል።

"እኔ ነኝ፣ አንዱን ሰባት ብዬ አንብቤው ነው" አልኩ።

ከሥራ ስንወጣ ከጋሽ ወርቁ ጋር እስከ ልደታ ማርያም አብረን ሄድን። በሩን ተሳልመው ዞር አሉና "ልጄ፣ እኔኮ የጻፍኩት ሰባት ነው" አሉኝ።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ላኪዎቹ? ወይስ የቴሌክሱ መስመር ቁጥሩን አበላሽቶት ይሆን? ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ያላጠፋሁትን አምኜ ምን ልበል?