አልበላ ያሉት የእባብ ልጆች

ሰኞ

ዛሬም አልበሉም። ሰባቱም። ዓሣውን እንደ ሩዝ ፍሬ አድቅቄ ቆርጬ በየፕላስቲክ ዕቃቸው አስቀመጥኩላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ስወርድ ደርቆ ጠበቀኝ።

የልጅ ልጄ ሊያ ለሥራ ወደ ሰሜን ከሄደች አራት ቀኗ ነው። እናትየዋን እባብ ያሳደገቻት እሷ ናት። እባብ እንቁላል ይጥላል ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የማውቀው፤ ይቺኛዋ ሰባት ልጅ ወለደች፣ ሊያም ትታቸው ሄደች። ይህን ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት። "አያቴ፣ ማን እንደበላ ራይት ዳውን አድርጊልኝ፣ ኦኬ?" አለች። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ያሻኝን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወንድሞቼ ተማሪ ቤት ሲሄዱ እኔ ውሃ ስቀዳ ቀረሁ። አሁን ማን ይከለክለኛል?

ልጄ ሰናይት፣ የሊያ እናት፣ ትናንት በስልክ ለሊያ ስትነግራት ሰማኋት። "እማዬ አትችለውም፤ የእባቦቹን ማሞቂያ ቁጥር እንኳን አታውቅም።"

አውቃለሁ። ሃያ ስምንት ነው።

ማክሰኞ

የጫካው ሰደድ እሳት ጭስ ከተማውን ሸፍኖታል። ፀሐይዋ ቀልታ እባቦቹ ባሉበት ቤዝመንት፣ በምድር ቤቱ መስኮት ትገባና ግድግዳው ላይ ትተኛለች። አውሮፕላን ጣራችንን ሊነካ ደርሶ ያልፋል፤ ሲያልፍ ካነጠፍኩላቸው እርጥብ ሶፍት ሥር ትንንሽ አንገቶች ብቅ ይላሉ። እንደ ጫማ ማሰሪያ ቀጫጭን ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ውሃ ውስጥ ሆኜ የማያቸው መሰለኝ።

እኔም ፍልሰታን ይዣለሁ። "እናንተም ጾመኞች ናችሁ?" አልኳቸው። የእኔስ ጾም መፍቻ ቀን አለው።

ዓሣውን ዛሬ ይበልጥ አሳምሬ አጠብኩት። ሎሚ፣ ጨው፣ ሦስት ውሃ፤ ልክ እንደ ዶሮ። በጾም ቀን እጄ ዓሣ ዓሣ ሲል አልወድም። ነጭ አድርጌ ሰጠኋቸው። ምላሳቸውን አወጡ፣ መለሱ፣ ዞረው ሄዱ።

የበላ፦ የለም።

ረቡዕ

ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ጸጉሬ እንደ ልጅነቴ ሹሩባ ተሠርቶ ነበር። ሹሩባዎቹ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። ጆሮዬ ሥር ሙቀታቸው ይሰማኛል። አልፈራሁም። እንዲያውም እንዳይነቁብኝ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄድ ነበር።

ስወርድ አንዷ ሞታለች።

እጄ ላይ አደረግኳት። ክብደት የላትም። ጓሮ ቀበርኳት። ለሰው ያላነባሁት ሴትዮ ለእባብ አነባሁ፤ እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እናገራለሁ?

ሊያ በስልክ አለቀሰች፤ ቀጥላ ደግሞ "ኢትስ ኦኬ አያቴ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለችኝ። እንዲህ ያለ ማባበል እጠላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ካልሆነ የማን ነው?

ሐሙስ

ሊያ በቪዲዮ ደወለች። "ምግቡን ስትሠሪ ልይሽ" አለችኝ። ሰናይት ስልኩን ያዘችልኝ። ዓሣውን አወጣሁ፣ ሎሚውን ቆረጥኩ።

"አያቴ! ዌት፣ ዌት! ሎሚው ለምንድን ነው?"

"ታዲያ ሳይታጠብ ልስጣቸው?"

"ምግብ መሆኑን የሚያውቁት እኮ በምላሳቸው አሽትተው ነው! ስሜሉን፣ ሽታውን ሁሉ አጥበሽ ጣልሽው! ለእነሱ ወረቀት ማለት ነው።"

ሰናይት ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ አፈረች። "እኔም ብሆን አጥበዋለሁ፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ" አለች።

አየር ማረፊያው ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት አሥራ አራት ዓመት የሰው ሽታ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ጠረን ካለሽ ያባርሩሻል፣ መጸዳጃው ጠረን ካለው መንገደኛው ያማርራል። ንጽሕና አንድ ቀን ነፍስ ያጠፋል ብሎ የነገረኝ የለም። ያቺን ትንሽ የገደልኳት በሎሚና በጨው ነው።

ሊያ የነገረችኝ ይህ ነው፦ ዓሣው እንዳይታጠብ። የጓሮ ትል ይፈለግ፣ ዓሣው በትሉ ይታሽ። ከዚያ ብርሃን ቀንሼ ዘወር እንድል። ትል! በእጄ!

ዓርብ

ዘነበ። ጭሱ ከዝናቡ ጋር ወረደና ሰማዩ ታየ። ጠዋት የሰናይትን ቦት ጫማ አድርጌ ጓሮ ወጣሁ። ትሎቹ እርጥቡ ሣር ላይ ተዘርግተዋል፤ ሮዝ ናቸው፣ ያንጸባርቃሉ። የመጀመሪያውን ስይዝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስተኛውን ስይዝ አልጨፈንኩም።

ሰናይት ከሌሊት ሺፍት ስትመለስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ ሰው ቢያየን ምን ይለናል?"

"ዓሣ ልናጠምድ ነው በያቸው።"

"በጾም?"

አብረን ሳቅን። ከእሷ ጋር መች እንደሳቅሁ ትዝ አይለኝም። አንድ ጆንያ የሚሞላ ቂም አለኝ በእሷ ላይ፤ ጠዋት ግን አላነሳሁትም።

ዓሣውን በትሉ አሸሁት። እጄ አፈር አፈር፣ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። አስቀምጬ ደረጃው ላይ ቆየሁ። ከዚያ ወረድኩ።

የበሉ፦ ሦስት። አንደኛው ከነጭራሹ ሶፍቱንም ሊውጥ ነበር፤ አፉን አስለቀቅኩት።

ከሰዓት በኋላ፦ ሌሎች ሁለት።

የቀረችው ትንሿ ብቻ ናት። ቆዳዋ ጎኗ ላይ ተሸብሽቧል። ሊያን ጠየቅኳት። "ነገም ካልበላች አይ ዶንት ኖው አያቴ" አለች።

ቅዳሜ

ለትንሿ ዓሣውን ተውኩት። ትሉን ራሱን ቆራርጬ አንዱን ቁራጭ በወረንጦ ይዤ ከፊቷ አንቀሳቀስኩላት። ምላሷ ወጣ። ትሉን ነካው። እንደገና ወጣ። ብርሃኑ ዛሬ ወተት ይመስላል፤ ቤዝመንቱ ውስጥ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም፤ ሰዓቱም የቆመ መሰለኝ።

ነከሰች!

ወረንጦውን ለቀቅኩ። በጎን ነበር የያዘችው፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እያለች አስተካከለችው። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ። ቆመች። ደከማት መሰል። ምን ያህል ጊዜ ቆየች? እግሬ ቢደነዝዝም አልተነሳሁም። ሰናይት ከላይ ተጣራች። ወርዳ አየችኝና ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ትሉ ጠፋ። አንገቷ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች።

ሰናይት "ለሊያ ልደውልላት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ቆዪ አልኳት። ያልተስማማቸውን መልሰው ይተፋሉ። ነገ ጠዋት ሳትተፋው አድራ ካገኘኋት እኔው ራሴ እደውላለሁ።